ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ከሚነገረው ውስጥ አንዳንዱ ስህተት ለወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ መፍትሔውንም አብሮ ያሳስታል። በጣም ከሚያሳስበኝ ልጀምር።

ልቀት፣ ማለትም ወደ አየር የምንለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ፣ ከቀነሰ ሙቀቱም ይቀንሳል ብሎ ማሰብ። በየወሩ መቶ ብር ይበደር የነበረ ሰው ሰማንያ መበደር ቢጀምር ዕዳው ቀነሰ አንልም፤ የሚከማችበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚሁ ነው። ከምንለቀው ግማሽ ያህሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱልናል፤ የቀረው አየር ላይ ይከማቻል፤ ከፊሉም ለሺህ ዓመታት ይቆያል። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ዛሬ ከ420 አልፈዋል። «ልቀታችንን በዚህን ያህል በመቶ ቀነስን» የሚል ዜና ደስ ቢያሰኝም፣ የተጣራው ልቀት (ከምንለቀው ላይ መልሰን ከአየር የምናስወግደው ሲቀነስ) ዜሮ እስኪደርስ ድረስ ምድር መሞቋን አታቆምም። ሚቴን ግን ለየት ይላል። ሙቀት የማመቅ አቅሙ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ሆኖም አየር ላይ የሚቆየው ለ12 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ከጋዝ ማስተላለፊያዎችና ከቆሻሻ ክምር የሚወጣውን መቆጣጠር ውጤቱ ቶሎ ይታያል። ይህ ዕድል ሲዘነጋ ያሳዝነኛል።

የአንድ ቀን ብርድን ማስረጃ ማድረግ። «እንዲህ እየበረደ የቱ ሙቀት ነው የጨመረው?» የሚል ሰው የአየር ሁኔታንና የአየር ንብረትን ቀላቅሏል። የአየር ንብረት የሚታየው ብዙውን ጊዜ በ30 ዓመት አማካይ ነው። በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። እ.ኤ.አ. 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለፈ የመጀመሪያው ዓመት ሆኖ ሲመዘገብ፣ አገሮች ሙቀቱ ከዚህ ገደብ እንዳያልፍ ለመጣር የተስማሙበት የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የፓሪስ ስምምነት አበቃለት ተባለ። የስምምነቱ ገደብ ግን የሚለካው በብዙ ዓመታት አማካይ እንጂ በአንድ ዓመት አይደለም። ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት አይሆንም።

«ምድር ድሮም ትሞቅ ነበር» ብሎ መተው። እውነት ነው፣ ትሞቅ ነበር። መጠየቅ ያለበት የአሁኑን ያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ፀሐይ ብትሆን ኖሮ ከባቢ አየሩ ከታችም ከላይም በሞቀ ነበር፤ የተለካው ግን የታችኛው ሲሞቅ የላይኛው ስትራቶስፌር ሲቀዘቅዝ ነው። ይህ የሙቀት አማቂ ጋዞች አሻራ ነው። እሳተ ገሞራዎችም በዓመት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሰው ልጅ ከሚለቀው 1 በመቶ አይሞላም።

የኦዞን መሳሳትን ከዚህ ጋር አንድ ማድረግም የተለመደ ነው። ኦዞን ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር የሚከላከል ሽፋን ነው፤ ለመሳሳቱ ዋናው መፍትሔም ኦዞንን የሚያሳሱ ኬሚካሎችን በገደበው በ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት ተገኝቷል።

የሚቀልጥ በረዶ ሁሉ ባሕርን ከፍ ያደርጋል ማለት። አንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ በረዶ አንሳፍፉና የውኃውን ልክ ምልክት አድርጉበት፤ በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ ውኃው ከምልክቱ አያልፍም። ከውጭ ሌላ በረዶ ብትጨምሩበት ግን ወዲያው ከፍ ይላል። አደጋው ያለውም እንደ ግሪንላንድ የብስ ላይ በተኛው በረዶ ነው፤ የግሪንላንዱ ሙሉ በሙሉ ቢቀልጥ የባሕር ወለል 7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ከተጨማሪው ሙቀት 90 በመቶ ያህሉን የሚውጠው ውቅያኖስ ራሱ ሲሞቅ ይሰፋል።

ችግኝ መትከል ብቻውን ይበቃል ማለት። ዛፍ ካርቦን የሚይዘው ቆሞ እስካለ ድረስ ነው፤ ሲቃጠል የያዘውን መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ከተተከለው ይልቅ የጸደቀው ይቆጠር። ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ የኖረ የድንጋይ ከሰል እየተቆፈረ፣ ችግኝ ያንን ሁሉ ይተካል ማለት አይቻልም። እንደ ከሰል፣ ዘይትና ጋዝ ካሉ ከመሬት ከሚወጡ ነዳጆች ለመላቀቅ አገሮች በጋራ የተስማሙት እ.ኤ.አ. በ2023 ዱባይ ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ነው፤ ለዚያ ድረስ መዘግየቱ ያስቆጫል።

መላመድን፣ ማለትም ለማይቀረው ለውጥ መዘጋጀትን፣ እንደ መሸነፍ መቁጠር። ልቀት ዛሬ ቢቆም እንኳ ባሕሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ከፍ ማለቱን ይቀጥላል። በወንዝ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ከብቱን የሚያሸሽበት ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል፤ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ነው።