ደወሉ ላይ እጃቸው ይደርሳል? ወላጁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ለሚያኖር ሰው

አባቴ አረጋውያን መንከባከቢያ ሲገቡ እኔ በዚሁ ሥራ 11 ዓመት ቆይቼ ነበር። ተንከባካቢ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። ስለዚህ ጥሩውን ቤት ከመጥፎው መለየት አያቅተኝም ብዬ አስቤ ነበር። ያየነው ቤት ወለሉ ያበራል። መጋረጃው አዲስ ነው። ሥራ አስኪያጇ ሞቅ አድርጋ ተቀብላ አስጎበኘችን። ፈረምን።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማምሻውን ሳልናገር ሄድኩ። የመጥሪያው ደወል ገመድ ከአልጋው ራስጌ ኋላ ተጠምጥሟል። የአባቴ እጅ አይደርስበትም።

«ሲያጸዱ አነሱት። ከዚያ ወዲህ አልጠራሁም» አሉኝ።

«ስንት ቀን ሆነው አባባ?»

አላወቁም።

እዚያ ቤት ክፉ ሰው አልነበረም። አንዱ ሊያጸዳ ገመዱን አነሳ፤ መመለሱን ረሳ። ከዚያ በኋላ የገቡት ሁሉ አልጋውን አነጠፉ፣ መድኃኒት ሰጡ፣ ወጡ። ገመዱን ያየ የለም። በእነዚህ ቤቶች ያየሁት ጉዳት አብዛኛው የጀመረው እንዲህ ነው። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው። ስትሄዱ ምን እንደምታዩ ካወቃችሁ ጉዳቱን ገና ገመድ ላይ እያለ ትይዙታላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት

ለጉብኝት በተያዘላችሁ ሰዓት አንዴ ሂዱ። ከዚያ ሳትጠሩ በምግብ ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ማምሻውን ወይም እሑድ ተመለሱ። አናስገባም ካሏችሁ ያ ራሱ መልስ ነው።

በምግብ ሰዓት የሚያጎርሰውን ሰው እዩ። ተቀምጧል ወይስ ቆሟል? ቆሞ የሚያጎርስ ሰው ይቸኩላል። የሚጎርሰውም ሽቅብ ያያል። አንገት ወደ ኋላ ሲቀና ምግብና ውሃ ወደ አየር ቧንቧ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ትን የሚላቸው ሰዎች ቀጥ ብለው ተቀምጠው መብላት አለባቸው፤ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ቢቆዩ ይመረጣል። ትሪው ሲነሳም ልብ በሉ። ያልተነካ ሳህን አንስቶ ዝም ብሎ የሚሄድ አለ። «ምነው አልበሉም እማማ?» ብሎ የሚጠይቅ፣ የቀረውንም የሚመዘግብ አለ።

ደወል ሲጮህ ሰዓታችሁን እዩ። ስንት ደቂቃ ፈጀ?

ሥራ አስኪያጁን ስለ ሌሊቱ ጠይቁ። ስንት ሰው ያድራል? ለስንት አረጋዊ? ከመካከላቸው ነርስ አለ? እሳት ቢነሳ እነዚያ ሰዎች ከአልጋ መነሳት የማይችሉትን እንዴት ያወጣሉ? ለመጨረሻ ጊዜ የተለማመዱትስ መቼ ነው? ቀን ቀን ጎብኚ አለ፣ ሐኪም አለ፣ ቢሮው ክፍት ነው። ሌሊት ግን ያሉት እነዚያ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህን የምለው በራሴ ስለማውቀው ነው። አንድ ሌሊት እኔና አንዲት ባልደረባዬ 28 ሰው ይዘን ነበር። አንድ አባት ሽንት ቤት ውሰዱኝ ብለው ደወሉ። «መጣሁ አባባ» ብዬ ሌላ ክፍል የወደቀ ሰው ዘንድ ሮጥኩ። ስመለስ 40 ደቂቃ አልፏል። አንሶላቸው ርሷል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። አልተቆጡኝም። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ አጠብኳቸው፣ ልብስ ቀየርኩላቸው። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን ደወል አልደወሉም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። የሰው ቁጥር ሲያንስ የሚጎዳው ይህ ነው። ሰው መጥራት ይተዋል።

ሠራተኞቹን ራሳቸውን «እዚህ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» በሏቸው። ሁሉም ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ካሏችሁ ተጠንቀቁ። የትኛዋ እናት የግራ ትከሻዋን ሲነኳት እንደሚያማት የሚያውቀው የቆየ ሰው ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት

አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። የሕክምና ታሪክ አይደለም፤ እሱ በካርዱ አለ። ሰውየውን ጻፉ። ምን ሲባሉ ይወዳሉ? ምን ሥራ ሠሩ? በየትኛው ጆሯቸው ይሰማሉ? ሌሊት ስንቴ ይነሳሉ? ሲያማቸው ይናገራሉ ወይስ ዝም ይላሉ? የእኔ አባት ሲያማቸው ዝም ብለው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ደህና ናቸው ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱን ቁም ሳጥን በር ላይ ለጥፉት። መነጽር፣ የመስሚያ መርጃ መሣሪያና ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ስም ጻፉ። በጣም ይጠፋሉ፤ ያለ እነሱ ደግሞ ሰው ይወድቃል፣ አይበላም፣ ከሰው ይለያል።

ቆዳ

ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ አደራ እላችኋለሁ። የአልጋ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ መከላከል የሚቻል ነገር ነው። የሰውነት ክብደት አጥንት ባለበት ቦታ ቆዳውን ሲጫነው ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት፣ ክርን፣ የራስ ቅል ጀርባ፤ እነዚህን እዩ። ካልሲያቸውን አውልቁ። ብዙ ልጅ እናቱን ስሞ፣ አውርቶ ይሄዳል፤ ካልሲ አያወልቅም።

መጽሐፍ ላይ የመጀመሪያው ምልክት ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ነው ይላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱ። ከአካባቢው ይልቅ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ጠጠር ብሏል ወይስ ልፍስፍስ? ስትነኩት ያማቸዋል? ቀለሙ ከጎኑ ካለው ቆዳ ጠቆር ብሏል ወይም ወደ ሐምራዊ ሄዷል? ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ያኔውኑ ነርሷን ጥሩ። ቦታውን አታሹት፤ ማሸት ይጎዳዋል። ክብደቱ ይነሳለት።

ራሳቸውን መገላበጥ ለማይችሉ የመገላበጫ መዝገብ ይኖራል። እኔ በሠራሁበት በየ2 ሰዓቱ ነበር፤ እንደ ሰውየውና እንደ ፍራሹ ሊለያይ ይችላል። መዝገቡን አሳዩኝ በሉ። እኔ አንዴ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አይቼ የ10 ሰዓቱ ምልክት ቀድሞ ተደርጎ አግኝቻለሁ። ያንን ካየሁ በኋላ መዝገቡን ትቼ ተረከዙን ማየት ጀመርኩ።

ውሃ፣ ክብደት፣ አፍ

ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ይደክማል። ሰውነት ውሃ አጥሮት እንኳ ሰውየው አልጠማኝም ይላል። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልከለከለ በስተቀር አንዲት አረጋዊት በቀን 1.6 ሊትር፣ አንድ አረጋዊ 2 ሊትር ያህል መጠጣት ይመከራል። ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ መጠጣት አይደለም። ጠዋት ያያችሁት ብርጭቆ ማታም እንደሞላ ነው? በስትሮክ ቀኝ እጃቸው ለደከመ እናት በቀኝ በኩል ተቀምጧል? እናንተ ራሳችሁ ስትሄዱ «ውሃ ልስጥዎት?» አትበሉ፤ «አልፈልግም» ይላሉ። ቀድታችሁ እጃቸው ላይ አስይዙ።

ክብደት ቢያንስ በወር አንዴ ይመዘን። በአንድ ወር 5 በመቶ ወይም በ6 ወር 10 በመቶ መቀነስ ከባድ ምልክት ነው። 60 ኪሎ የነበሩ እናት በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ «አርጅተው ነው» የሚለውን አትቀበሉ። አፋቸውን እዩ፤ የታመመ ድድ ወይም የላላ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሆናል። ጥርስና አፍ በየቀኑ መጽዳቱ የሳንባ ምችንም ለመቀነስ ይረዳል።

መድኃኒት

ዝርዝሩን ጠይቁ፤ ከእያንዳንዱ ጎን «ለምን?» ብላችሁ ጻፉ። ምክንያቱን ማንም የማያውቀው ክኒን ካለ ሐኪሙ እንዲያየው ጠይቁ። መዋጥ ያቃታቸው ሰዎች ክኒን ተፈጭቶ ይሰጣቸዋል፤ ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ክኒን ግን ሲፈጭ መጠኑ በአንዴ ይለቀቃል። ሳይፈጭ በፊት ፋርማሲስት ይጠየቅ።

አባታችሁ በድንገት ቀኑን ሙሉ የሚተኙ፣ አፋቸው የሚተሳሰር ከሆነ አዲስ ማረጋጊያ ተጀምሮ እንደሆነ ጠይቁ። የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሚሰጡ አንቲሳይኮቲክ የተባሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2005 አስጠንቅቋል። አንዳንዴ ያስፈልጋሉ። ግን ማን አዘዘው? ለምን? እስከ መቼ? ሰው ስላነሰ ዝም ለማሰኘት የሚሰጥ ክኒን ሕክምና አይደለም።

መውደቅ

ሌሊት ሲወድቁ ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ወደ ሽንት ቤት እየሄዱ ነበር። ስለዚህ መፍትሔው ቀላል ነገር ነው፤ ከመተኛታቸው በፊት ሽንት ቤት ማድረስ፣ ትንሽ መብራት፣ ተረከዙን የሚይዝ ጫማ፣ እጅ የሚደርስበት ደወልና ምርኩዝ። ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ የደም ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ። በቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪም መድኃኒቱን ይመልከተው። እስከዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ትንሽ ተቀምጠው ይነሱ።

የአልጋ አጥር ይደረግልኝ የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ጠይቄ ነበር። ግራ የገባው ሰው ግን አጥሩን ተሻግሮ ከበለጠ ከፍታ ይወድቃል፤ በመሃሉም ሊጣበቅ ይችላል። አልጋውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ማሰርን ፈጽሞ አትቀበሉ።

ከወደቁ በኋላ «ደህና ናቸው» ብቻ አይበቃም። ምን ሊያደርጉ ተነሱ? ማን አገኛቸው? ስንት ሰዓት? ራሳቸውን መትቷቸዋል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ራሱን ከተመታ ደህና ቢመስልም ሆስፒታል ይታይ።

ትናንት ያወቀኝ ዛሬ ካላወቀኝ

የመርሳት በሽታ በአብዛኛው ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው። በአንድ ወይም በሁለት ቀን የመጣ መዘባረቅ፣ መደንዘዝ ወይም እንቅልፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የሆድ ድርቀት፣ አዲስ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በአረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። «ይህ የሳቸው ጠባይ አይደለም» በሉ፤ ያኔውኑ ሐኪም ይጠራ። እናንተ ከማንም በላይ የምታውቁት ይህን ነው።

በደልን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያወጣው ቁጥር ያሳዝናል። በተቋማት ከሚሠሩ 3 ሰዎች 2ቱ ባለፈው ዓመት አንድ ዓይነት በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ዱላ ብቻ አይደለም፤ ስድብም፣ ችላ ማለትም አለበት። በሁለቱም ክንድ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ሰንበር፣ አንድ ሰው ሲገባ የሚቋረጥ ወሬ፣ እጅ ስታነሱ መሸማቀቅ፤ እነዚህን አትለፉ። ያ ሰው በሌለበት ቀስ ብላችሁ ጠይቁ። ፎቶ አንሱ፣ ቀንና ሰዓት ጻፉ፣ በዚያው ቀን ለሥራ አስኪያጁና ቤቱን ለሚቆጣጠረው አካል አሳውቁ። ወንጀል ከሆነ ለፖሊስ።

ቅሬታ ስታቀርቡ

ለሌላው ነገር መጀመሪያ ለፈረቃው ኃላፊ ተናገሩ። ካልተስተካከለ በጽሑፍ አድርጉት፤ አጭር ይሁን። ያያችሁትን ከነሰዓቱ ጻፉ፤ የገመታችሁትን ተዉት። ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ምን ሆኖ ነው? ምን ትቀይራላችሁ? መቼ ትነግሩኛላችሁ? ብዙ ቤተሰብ ከተናገርኩ እናቴን ይበቀሉብኛል ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ዘመዱ ተመላልሶ የሚጠይቅለት ሰው ክፍል ቀድመን ነበር የምንገባው። መሆን አልነበረበትም፤ ግን እንደዚያ ነበር። ጥሩ የሠራውንም በስሙ አመስግኑ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲያገላብጥ ላደረ ሰው ያ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ደወሉ ስድስት መስመር ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጇ በአራተኛው ቀን ጠራችኝ። ፈረቃ ሲለዋወጥ ወጪና ገቢ ሠራተኞች አብረው በየክፍሉ እየገቡ ደወል፣ ውሃና መነጽር የሚያዩበት ነገር እንደጀመሩ ነገረችኝ። ለገመዱም መቆንጠጫ ገዙ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ የጽዳት ሠራተኛዋ የአባቴን ክፍል ጨርሳ እየወጣች ነበር። በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ገመዱን አንስታ ትራሳቸው ጫፍ ላይ ቆነጠጠችውና «ይደርሳል አባባ? እስቲ ይሞክሩት» አለቻቸው። ደወሉት።