በጉበት ላይ የታየ እባጭ ካንሰር መሆን አለመሆኑን በምስል ምርመራ መለየት

ከአጋሮ ወይም ከሰቃ ወደ ጅማ የመጣ ታካሚ «ጉበት ላይ እባጭ አለ» የሚል የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዞ ሲቀርብ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው እባጩ ያረፈበትን ጉበት ሁኔታ ነው። «ድሮ የወፍ በሽታ ይዞኝ ነበር» የሚል መልስ ብቻውን ስለማይበቃ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የደም ምርመራ ይታዘዛል፤ የሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበት ጠባሳ አውጥቶ የመጠጠር፣ ምልክትም ይፈለጋል።

በአልትራሳውንድ ውኃ ብቻ የያዘ ከረጢት ወጥ ጥቁር ሆኖ፣ በስስ ግድግዳ ተከብቦ ይታያል። በውስጡ ትናንሽ ከረጢቶች ወይም የተላቀቀ ሽፋን ካለ ከውሻ የሚተላለፈው የኮሶ ትል ከረጢት ሊሆን ስለሚችል በችኮላ መርፌ አይገባበትም። ሄማንጂዮማ የተባለው ጉዳት አልባ የደም ሥር እባጭ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ የለየ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ይሁንና ትንሽ የጉበት ካንሰርም ነጭ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ «ሄማንጂዮማ ነው» ብሎ ማሰናበት ስህተት ነው።

ቁርጡ የሚለየው ኮንትራስት የተባለው ምስል አድማቂ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በሦስት ዙር በሚነሳ ሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ነው። ጤናማ ጉበት ከደሙ 75 በመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀት በሚመጣው ፖርታል ደም መልስ ሲሆን፣ ከጉበት ሕዋሳት የሚነሳው ካንሰር ግን በዋናነት ከደም ቅዳ ይመገባል። ስለዚህ ካንሰሩ መድኃኒቱ በተሰጠ በ35 ሰከንድ ገደማ ከዙሪያው ይልቅ ይደምቃል፤ በ70 ሰከንድ ገደማ ወይም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደግሞ ከዙሪያው ይጠቁራል። ሄማንጂዮማ በአንጻሩ ከጠርዙ በተቆራረጡ ነጠብጣቦች ጀምሮ ወደ መሃሉ ቀስ እያለ ይሞላል፣ ድምቀቱንም ይዞ ይቆያል። በአንድ ዙር ብቻ የተነሳ ሲቲ ይህን ጥያቄ ስለማይመልስ፣ በእኔ ግምት የታካሚውን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማዘዣው ላይ «ትሪፌዚክ» (በሦስት ዙር የሚነሳ) ተብሎ በግልጽ ይጻፍ።

ሲሮሲስ ወይም ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ጎልማሳ፣ 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ እባጭ ሁለቱንም ጠባይ፣ ማለትም መድመቁንና መልሶ መጥቆሩን፣ ካሳየ ከእባጩ በመርፌ ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ሊባል ይችላል። በጤናማ ጉበት ላይ ግን ይህ ደንብ አይሠራም፤ እዚያ እባጩ ከሌላ አካል የተሰራጨ ካንሰርም ሊሆን ስለሚችል ብዙ ጊዜ ናሙና ያስፈልጋል። በጉበት ካንሰር ጊዜ ሊጨምር የሚችለውን ፕሮቲን የሚለካው፣ አልፋ ፌቶፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራ ትክክለኛ መጠን ማሳየቱም ካንሰር አለመኖሩን አያረጋግጥም። ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ እባጭ ሲገኝ አልትራሳውንዱ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይደገማል፤ ማደጉን ለማወቅ የሚያስችለው ግን የቀድሞው ምስል ራሱ እንጂ ወረቀቱ ስላልሆነ፣ ታካሚው ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይዞ እንዲመለስ ከመሸኘቱ በፊት ይነገረው።