ቀለማም የኮራል ሽሪምፖችን ሲመድቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኮራል ሪፍ (ኮራሎች የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) ሽሪምፖች ቀለማቸው ዓይን ይስባል። ብዙ ሰው በቀለም ብቻ የሚመድባቸውም ለዚህ ነው። የኔ ምክር ግን መጀመሪያ እግራቸውን ይመልከቱ የሚል ነው።

ቀይና ነጭ የሆነውን ሁሉ ዘመድ ማድረግ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሊስማታ አምቦይነንሲስ እና ስቴኖፐስ ሂስፒደስ የተባሉትን ሁለት ሽሪምፖች ይውሰዱ። ሁለቱም ቀይና ነጭ ናቸው፣ ረጅም ነጭ አንቴና አላቸው፣ ከዓሣ ገላ ላይ ተባይ እየለቀሙ ይበላሉ። ሁለቱም ቀይ ባሕር ውስጥ ይገኛሉ። ዝምድናቸው ግን የሩቅ ነው። በስቴኖፐስ የፊተኞቹ ሦስት ጥንድ እግሮች መቆንጠጫ አላቸው፤ ሦስተኛው ጥንድ ከሁሉም ይገዝፋል። በሊስማታ መቆንጠጫ ያላቸው ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ጥንድ ቀጭን ነው፤ በአጉሊ መነጽር ሲያዩት አንዱ ክፍሉ በብዙ ትናንሽ አንጓዎች ተከፋፍሏል። አሁንም ከተጠራጠሩ ሆዱን በጎን በኩል ይዩት። የሊስማታ ሁለተኛው የሆድ ቅርፊት ከፊቱም ከኋላውም ያለውን ደርቦ ይሸፍናል። የስቴኖፐስ እንዲህ አያደርግም።

በስም መታለል። ማንቲስ ሽሪምፕ ሽሪምፕ አይደለም። አሥር እግር ካላቸው ከነሸርጣን ወገን እንኳ አይመደብም።

ጅራቱን ሳያዩ ማለፍ። በ1888 የተሰየመው ሊስማታ አምቦይነንሲስ የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። በ1935 የተሰየመው ሊስማታ ግራብሃሚ ደግሞ የአትላንቲክ ነው። ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ይመስላሉ። የአምቦይነንሲስ የጀርባ ነጭ መስመር ጅራቱ ጋ ሳይደርስ ያበቃል፤ ጅራቱም ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። የግራብሃሚ መስመር ግን ጅራቱ ላይም ይቀጥላል።

የግንባሩን ሹል አለመፈተሽ። ለአኳሪየም ፔፐርሚንት ሽሪምፕ (የሊስማታ ዓይነት ነው) ብለው ገዝተው ሪንኮሲኔተስ ዱርባነንሲስ ይዘው የሚመለሱ ብዙ ናቸው። የዚህኛው የግንባር ሹል እንደ ማጠፊያ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። የፔፐርሚንቱ አይንቀሳቀስም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሪንኮሲኔተስ ኮራል ሊበላብዎት ይችላል።

ቀለምን ጭራሽ መናቅ። ይሄ ደግሞ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ወገኑ አንዴ ከታወቀ በኋላ ዝርያን ለመለየት ቀለም በጣም ይጠቅማል። በ2006 ሊስማታ ቩርደማኒ ይባሉ ከነበሩት የምዕራብ አትላንቲክ ሽሪምፖች መካከል አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተለይተው ወጥተዋል፤ በሕይወት እያሉ የሚታየው የቀለም አጣጣል ለዚህ ረድቷል። አልኮል ውስጥ የገባ ሽሪምፕ ቀለሙን ያጣል። ስለዚህ ከመንከርዎ በፊት በደንብ ፎቶ ያንሱት።

ትንሹን ወንድ፣ ትልቁን ሴት ብሎ መለየት። በሊስማታ ይሄ አያስኬድም። ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ ሲያድጉ ወንድነታቸውን ሳይተዉ እንቁላልም ያፈራሉ።

በድሮ መጽሐፍ መመደብ። ባለ ትላልቅ ነጠብጣቡ ሃርለኩዊን ሽሪምፕ፣ ሂሜኖሴራ፣ ለረጅም ጊዜ የራሱ ቤተሰብ (የተዛማጅ ወገኖች ምድብ) ነበረው። በ2015 በዘረ መል ጥናት ተደግፎ ፓሌሞኒዴ ወደሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ገብቷል። የቆዩ የመስክ መጽሐፎች ግን አሁንም በድሮው ቤተሰብ ስም ነው የሚያስቀምጡት።