ያገለገለ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲገዙ ምን ይመረመራል?

ፍሎሪዳ ውስጥ ለሽያጭ በሚቀርቡ የፋይበርግላስ ጀልባዎች መካከል መሪው መሃል ላይ ያለው ዓሣውን በጀልባው ዙሪያ እየተከተሉ ለመጎተት ይመቻል፤ ከንፋስና ከዝናብ ግን ብዙም አያስጥልም። ከፊት ትንሽ ክፍል ያለው ለቤተሰብ ይሻላል፣ የማጥመጃው ቦታ ግን ይጠባል።

የትኛውንም ቢመርጡ ምርመራውን ከኋላ ይጀምሩ። ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ውስጡ ጣውላ ነው፤ በብሎን ቀዳዳ ውሃ ሲገባ ይበሰብሳል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብለው ይምቱት፦ ጤነኛው ጥርት ያለ፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ቀጥሎ ሞተሩን በከፊል አንስተው የታችኛውን ጫፍ ወደ ታች ይጫኑ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ዋጋ መደራደር አያስፈልግም፤ ይተዉት። አዲስ ቀለም መበስበሱን ከዓይን ሊሸፍን ይችላል።

ሞተሩ ሳይሞቅ እንዲጠብቅዎ ለሻጩ አስቀድመው ይንገሩ፤ የሞቀ ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። የሲሊንደሮች ግፊት ሲለካ ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ ከ10 በመቶ በላይ ከተራራቀ ምክንያቱ ይጣራ። የታችኛው ማርሽ ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

ብዙ ገዢ የሚረሳው ከወለሉ ስር ያለውን የአሉሚኒየም ነዳጅ ታንክ ነው። ጨው ይበላዋል፤ ለመቀየር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወለሉ ይቆረጣል። የቤንዚን ሽታ ካለ ከዚያ ይጀምሩ።

ከኋላ በቀኝ በኩል ያለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ። በመጨረሻ ውሃ ላይ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ይንዱት፦ ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር አምራቹ ካስቀመጠው በታች ከቀረ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር አይመጥንም፣ ወይም ሞተሩ ደክሟል።