ፋየርዎል፣ ቪፒኤን እና ካሽ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር፦ ኦፒኤንሴንስን እንዴት እንደሚተክሉ

አሥር አሥራ አምስት ኮምፒውተር ላለው ቢሮ ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነትን የሚዘጋ አጥር)፣ ቪፒኤን (ከውጭ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ የተመሰጠረ መንገድ) እና ካሽ (አንዴ የወረደን ፋይል አስቀምጦ ለሌሎች የሚሰጥ ማከማቻ) ለየብቻ መግዛት አያስፈልግም። ኦፒኤንሴንስ (OPNsense) የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ሦስቱንም በአንድ ማሽን ይሠራቸዋል። መሠረቱ ፍሪቢኤስዲ የሚባል ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፒኤፍሴንስ ከሚባል ሌላ የፋየርዎል ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ ነው።

ባለ 64 ቢት ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራም (ካሽ ካሰቡ 8 ይሁን) እና ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያዘጋጁ። አንዱ ካርድ ወደ ሞደሙ የሚሄደው ዋን፣ ሌላው ወደ ስዊቹ የሚሄደው ላን ነው። ካርዱ ኢንቴል ቢሆን ይመረጣል፤ ሪልቴክ ፍሪቢኤስዲ ላይ አንዳንዴ ያስቸግራል።

የመጫኛውን ፋይል ከኦፒኤንሴንስ ድረ ገጽ አውርደው ሩፉስ በሚባል ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይጻፉትና ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ያስነሱ። ስም ሲጠይቅ ኢንስቶለር (installer)፣ ፓስወርድ ሲጠይቅ ኦፒኤንሴንስ (opnsense) ብለው በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ያስገቡ። ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የፋይል ሥርዓት ሲያስመርጥዎ ዜድኤፍኤስን ይውሰዱ፤ መብራት ድንገት ሲሄድ ከዩኤፍኤስ በተሻለ ይቋቋማል። ዩፒኤስ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀጥሎ ነው። ኦፒኤንሴንስ ለላን የሚይዘው አድራሻ 192.168.1.1 ነው፤ ብዙ ሞደሞችም ይህንኑ ይጠቀማሉ። ሁለቱ ከተጋጩ ኢንተርኔት አይሠራም። ተከላው አልቆ ማሽኑ ሲነሳ፣ ሩት (root) በሚለው የአስተዳዳሪ ስም ይግቡና በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር 2ን መርጠው ላኑን 192.168.50.1 ያድርጉት። ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር በብሮውዘር ወደዚሁ አድራሻ ገብተው መጀመሪያ ፓስወርዱን ይቀይሩ።

ፋየርዎሉ ገና ሲጫን ከውጭ የሚመጣውን ይዘጋል፣ ከውስጥ የሚወጣውን ያሳልፋል። ለአብዛኛው ቢሮ ይኸው ይበቃል። የአስተዳደር ገጹን ለሥራ ይመቸኛል ብለው በዋን በኩል አይክፈቱ።

ከቤት ለሚሠሩ ሰዎች ዋየርጋርድ የሚባለውን ቪፒኤን ያብሩ። ለሰርቨሩ (ለራሱ ለኦፒኤንሴንስ ማሽን) የምስጠራ ቁልፍ ያመንጩ፣ ፖርቱን (ግንኙነቱ የሚገባበትን የበር ቁጥር) 51820፣ የውስጥ አድራሻውን 10.10.10.1/24 ያድርጉ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቁልፍና እንደ 10.10.10.2/32 ያለ አድራሻ ይስጡ፤ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ማደል ሰው ሥራ ሲለቅ ጣጣ ያመጣል። በፋየርዎሉ ሁለት ደንብ ይጨምሩ፦ በዋን በኩል ዩዲፒ (ዋየርጋርድ መረጃ የሚልክበት ዘዴ) በፖርት 51820 እንዲገባ የሚፈቅድ፣ በዋየርጋርድ በኩል ደግሞ ወደ ላን የሚያሳልፍ።

ካልተገናኘ የዋኑን አድራሻ ይመልከቱ። በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ሞደሙ የሰጠው የውስጥ አድራሻ ነውና ሞደሙ ላይ ፖርቱን ወደ ኦፒኤንሴንስ ያስተላልፉ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ግን አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር እየተጋሩ ነውና ከውጭ የሚደርስዎ የለም፤ ከኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎ የራስዎ የሆነ የአይፒ አድራሻ ይጠይቁ።

ካሹ ስኩዊድ በሚባል ፕሮግራም ነው የሚሠራው። ከፕለጊኖች (ከተጨማሪ ፕሮግራሞች) ዝርዝር ይጫኑት፣ ፖርቱ 3128 ነው። ብዙ አይጠብቁበት፤ ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ስለተመሰጠረ ስኩዊድ ይዘቱን አይቶ ሊያስቀምጠው አይችልም። ምስጠራውን ፈትቶ ማየት ይቻላል፤ የባንክ ገጾችንና የሠራተኛን ምስጢር ስለሚነካ ግን እኔ አልመክረውም። የሚክሰው በዊንዶውስና በሊኑክስ ማሻሻያዎች ላይ ነው። ለሁለቱም በካሽ ቅንብሩ ውስጥ የተዘጋጀ ምርጫ አለ፤ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ሌሎቹ ከዲስኩ ያገኙታል።

ሁሉም ሲሠራ የማዋቀሪያውን ፋይል ከሲስተም ሜኑ አውርደው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ማሽኑ ቢቃጠል በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ፋይል መልሰው ይጭኑታል፤ የካርዶቹን ስም ብቻ እንደገና ማስተካከል ሊኖርብዎ ይችላል።