ውጭ አገር አደባባይ ላይ ለምትነዱ፦ መጀመሪያ አንገት፣ ቀጥሎ መሪ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይን ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት የሚያቋርጥ ሾፌር፣ ከዚህ ወዲያ የሚያስፈራኝ አደባባይ የለም ቢል አይፈረድበትም። ከቃሊቲ የሚመጣው ሲኖትራክ፣ ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚጣደፈው ሚኒባስ፣ ከኮዬ ፈጬ በኩል ብቅ የሚለው ባጃጅ፣ ሁሉም አፍንጫውን አስገብቶ ነው የሚደራደረው። ትራፊክ ፖሊስ ከቆመ ደግሞ ምልክትና መስመር የሚያይ የለም፤ ዓይን ሁሉ የእሱ እጅ ላይ ነው። ዱባይ፣ ናይሮቢ ወይም ለንደን ሄዶ መሪ የሚይዝ ሰው ላይ ጣጣ የሚያመጣበት ይኸው በብዙ ላብ የተገኘ ልምድ ነው። የአዲሱን አገር ሕግ በአንድ ምሽት አንብቦ መጨረስ ይቻላል። ዓይን ሳይታዘዝ ቀድሞ የሚዞርበትን አቅጣጫ ለመቀየር ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ልምምዱ ቪዛ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ እዚሁ ይጀመር።

ሰሃን፣ ቆርኪና የሰዓት ቁጥር

መኪና ከማስነሳታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰሃን ድፉ። ሰሃኑ የአደባባዩ መሐል ነው። ዙሪያውን በጠመኔ እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጥር ጻፉበት፤ 12 ከላይ፣ 3 ከቀኝ፣ 6 ከታች፣ 9 ከግራ። እናንተ ሁልጊዜ የምትገቡት ከ6 ነው። የለስላሳ ቆርኪ እንደ መኪና እየገፋችሁ ሁለቱን ዙሮች አጥኑ።

በቀኝ በሚነዳበት አገር፣ ማለትም እዚህ፣ ጅቡቲ፣ ሱዳን፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ አሜሪካና አብዛኛው አውሮፓ፣ ቆርኪው ከ6 ተነስቶ ወደ 3፣ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 9 ይሄዳል። የሚመጣባችሁ መኪና ከግራ ነው። በግራ በሚነዳበት አገር፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ እንግሊዝና አውስትራሊያ፣ ቆርኪው ከ6 ወደ 9፣ ወደ 12፣ ከዚያ ወደ 3 ነው። የሚመጣባችሁም ከቀኝ ነው። (እኛም ብንሆን እስከ 1956 ዓ.ም በግራ ነበር የምንነዳው። ዛሬ ሞያሌ ላይ ድንበሩን የሚሻገር ሾፌር ጎን ይቀይራል።)

ሁለተኛ ሰው ሌላ ቆርኪ ይያዝና ከየአቅጣጫው ይግባባችሁ። ቆርኪያችሁን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት የምታዩበትን አቅጣጫ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ “ግራ” ወይም “ቀኝ”። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሃያ ጊዜ ያህል ሳይሳሳቱ መመለስ ግን መጀመሪያ ላይ የሚከብድ ነገር ነው። በተለይ ከ6 ወደ 3 የሚሄደውን ተጠንቀቁ። በቀኝ በሚነዳበት አገር አጭሯ መታጠፊያ እሷ ናት፤ በግራ በሚነዳበት ደግሞ ረጅሙ ዙር ይሆናል። ናይሮቢ ወይም ለንደን ላይ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ እንደለመደው በቀኝ በኩል ቆርጦ የገባ ሰው፣ ከሚመጣው መኪና ጋር ፊት ለፊት ነው የሚላተመው።

ቅድሚያ የማን ነው?

በአብዛኛው አገር ቅድሚያው ቀድሞ ዙሪያው ውስጥ ለገባው ነው። የእኛም ሕግ ይኸው ነው፤ በቀኝ ስለምንነዳ “ቅድሚያ ከግራ ለሚመጣው” ተብሎ ይጠናል። ልዩነቱ እዚያ የምር መሆኑ ነው። ዙሪያው ውስጥ ያለው ሰው እናንተ ትቆማላችሁ ብሎ ስለሚያምን ፍጥነት አይቀንስም። አፍንጫ አስገብታችሁ የምትደራደሩት ሰው የለም፤ የምታገኙት ግጭት ነው።

በአብዛኛው የአውሮፓ ዋና መሬት ከመግቢያው አጠገብ ሁለት ምልክት ፈልጉ። አንዱ ሦስት ነጭ ቀስቶች የሚሽከረከሩበት ሰማያዊ ክብ ነው፤ ቀስቶቹ የዙሩን አቅጣጫ ጭምር ይነግሯችኋል። ሌላው ጫፉ ወደ ታች የተገለበጠ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ የሚገባው ይጠብቃል። ሦስት ማዕዘኑ ከሌለ ግን እንደለመዳችሁት አትግቡ፤ ፈረንሳይን በመሰሉ አገሮች ምልክት የሌለበት ቦታ ቅድሚያው ከቀኝ ለሚመጣ፣ ማለትም ወደ ዙሪያው ለሚገባው ሊሆን ይችላል። ፈረንሳይ ውስጥ ዙሪያው ላለው ቅድሚያ መስጠት የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1984 ወዲህ ነው። ፓሪስ የድል ቅስቱ ያለበት ትልቁ አደባባይ ግን ዛሬም በአሮጌው ልማድ ነው የሚሠራው፤ የሚገባው ያልፋል፣ ውስጥ ያለው ይቆማል። የመንገድ መስመር እንኳ አልተቀባበትም።

ባሕረ ሰላጤ፦ የሚያጋጨው ረድፉ ነው

ብዙ ሰው ለሥራ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆይ። የዙሩ አቅጣጫ እንደኛው ነው፣ መሪውም በግራ ነው። አሠልጣኞቹ “ደዋር” ሲሏችሁ አደባባይ ማለታቸው ነው። የሚያስቸግረው ሁለትና ሦስት ረድፍ ያላቸው ሰፋፊ አደባባዮች ናቸው።

ረድፍ የሚመረጠው ከመግባት በፊት ነው፤ አስፋልቱ ላይ የተቀባ ቀስት ካለ እሱን ተከተሉ። ቀስት ከሌለ፣ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍ የቀኙ ረድፍ፣ ቀጥታ ለሚሄድ የመሐሉ፣ ወደ ግራ ለሚታጠፍ ወይም ለሚመለስ የግራው ነው። ከመግቢያው 100 ሜትር ያህል ሲቀር ረድፋችሁን ያዙ። ወደ ቀኝ ከሆነ የቀኝ ፍሬቻ፣ ወደ ግራ ወይም ለመመለስ ከሆነ የግራ ፍሬቻ አብሩ፤ ቀጥታ ከሆነ ምንም አታብሩ። ከመውጫችሁ በፊት ያለውን መውጫ ስታልፉ የቀኝ ፍሬቻ አብሩ፣ የቀኙን ስፖኪዮ እዩ፣ ስፖኪዮው የማያሳየውን ጥግ ደግሞ በትከሻ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ከዚያ ውጡ።

የተለመደው ግጭት ይህን ይመስላል፦ ከውስጠኛው ረድፍ ያለው ሾፌር መውጫውን ሊያልፍበት ሲል ድንገት ወደ ቀኝ ይቆርጣል፤ በውጭኛው ረድፍ ቀጥታ የሚሄደው ጎኑን ይመታዋል። አዲስ አበባ ላይ ክላክስ ተደርጎ፣ እጅ ተወዛውዞ ይታለፋል። እዚያ ግን ረድፍ የቀየረው ሰው ጥፋተኛ ነው። መውጫችሁ ካመለጣችሁ አንድ ዙር ጨምሩ። ወደ ኋላ መሄድም ሆነ ዙሪያው ውስጥ መቆም በፍጹም አይሞከርም።

አድራሻ በአደባባይ ስም የሚነግራችሁ ሰው ካለም ቀድማችሁ ካርታ እዩ። ዶሃ ላይ ብዙዎቹ አደባባዮች ፈርሰው የመብራት መስቀለኛ መንገድ ሆነዋል፤ ስማቸው ግን በሰው አፍ ቀርቷል። ይህ እንኳ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም።

ክፍተት መቁጠር

“መቼ ልግባ?” ለሚለው ጥያቄ በግምት አትመልሱ። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢዞር በሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል። ቆሞ ለሚነሳ አዲስ ሾፌር ቢያንስ የ5 ሰከንድ ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ይህም 40 ሜትር ያህል ነው። እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጭነት መኪናው ሳይበዛ ቱሉ ዲምቱ ወይም ዊንጌት አደባባይ አካባቢ እንደ እግረኛ ዳር ቁሙና የሚዞሩትን መኪናዎች ተመልክታችሁ ቁጠሩ። አንዱ ካለፈ በኋላ ቀጣዩ እስኪደርስ በእርጋታ እስከ 5 ከቆጠራችሁ ይገባል፤ 3 ላይ ከደረሰባችሁ አይገባም። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ከቆጠራችሁ ዓይናችሁ 40 ሜትርን ይለምዳል።

ሌላም ነገር አለ፤ ወደ ግራ እያያችሁ እግራችሁ ፍሬኑን እንዳይለቅ። መግቢያ ላይ ከሚደርሱት ግጭቶች ብዙዎቹ ከኋላ መምታት ናቸው። ከፊት ያለው ሰው ሊነሳ ብሎ ይቆማል፤ ከኋላው ያለው ሄዷል ብሎ ስላመነ ዓይኑ ዙሪያው ላይ እያለ ይገጨዋል። ቅደም ተከተሉ ግራ፣ ፊት፣ ግራ፣ ከዚያ ፍሪሲዮን ነው።

በግራ ለሚነዳበት አገር፦ ስምንት ጀሪካን

በግራ መዞርን እዚህ መንገድ ላይ ለመለማመድ ማሰብ ወንጀልም እብደትም ነው። ባዶ ሜዳ ፈልጉ፤ ከግማሽ የኳስ ሜዳ ያላነሰ፣ ጥበቃው ወይም ባለቤቱ የፈቀደው፣ ልጆች የማይጫወቱበት። ሰበታ፣ ገላን ወይም ለገጣፎ በኩል እንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም።

ስምንት ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሰዱ። ነፋስ እንዳይገፋቸው እያንዳንዳቸው ውስጥ 3 ሊትር ያህል ውኃ ጨምሩ። መሐል ላይ ችካል ምቱና 8 ሜትር ገመድ አስራችሁ በገመዱ ጫፍ ክብ እየዞራችሁ አስቀምጧቸው። በጀሪካኖቹ መካከል 6 ሜትር ያህል ይኖራል። ከጀሪካኖቹ ውጭ 5 ሜትር የመንጃ ስፋት ተዉና አራት መግቢያ በድንጋይ ምልክት አድርጉ። አሁን በሰዓት ከ15 ኪሎ ሜትር ሳትበልጡ ወደ ሰዓት ዙር አቅጣጫ፣ ጀሪካኖቹን በቀኛችሁ አድርጋችሁ ዙሩ። ዳር የቆመ ሰው በዘፈቀደ “ሦስተኛው!” ይበላችሁ፤ እናንተም ቀኝ አይታችሁ ግቡ፣ ሦስተኛው መውጫ ላይ በግራ ፍሬቻ ውጡ። ጀሪካን ከወደቀ መሪ ዘግይቷል፤ ድንጋይ ከተነካ ፍጥነት በዝቷል። በቀን 30 ደቂቃ ለሁለት ሳምንት በቂ ነው።

ይህ ልምምድ የሚያስተምረው አንገትን እንጂ መኪናውን አይደለም፤ መኪናችሁ መሪው በግራ ነውና። እዚያ መሪው በቀኝ፣ ማርሹ በግራ እጅ ይሆናል። ፔዳሎቹ ግን ቦታ አይቀይሩም፤ ፍሪሲዮን በግራ፣ ነዳጅ በቀኝ። ኬንያ ውስጥ የሚበዙት ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ፍሬቻቸው ከመሪው በቀኝ በኩል ነው። አደባባይ ላይ ፍሬቻ አበራለሁ ስትሉ በጠራራ ፀሐይ የመስታወት መጥረጊያው ይነሳል፤ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ ወዴት እንደምትሄዱ አያውቅም። ቆማችሁ ሳለ ዓይን ጨፍናችሁ ፍሬቻውን 50 ጊዜ አብሩ፣ አጥፉ።

እንግሊዝ ለሚሄድ ሁለት ነገር ይጨመር። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 የተሻሻለው የመንገድ ደንባቸው አደባባይ ላይ ለብስክሌት ቅድሚያ እንድትሰጡ ይላል፤ በረድፋቸው ውስጥ ገብታችሁ አትቅደሟቸው። በግራው ረድፍ የሚዞር ብስክሌተኛ፣ ፈረሰኛ ወይም የፈረስ ጋሪ ፊትም አትቁረጡ። ሁለተኛው፣ አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ብቻ የተሳለ ትንሽ ክብ ነው። ለእኛ ዓይን የረሳ ሰው የቀባው ነጥብ ይመስላል፤ ግን ሙሉ አደባባይ ነው። በላዩ አይታለፍም፣ ለመዞር ከማይበቃው ረጅም ተሽከርካሪ በቀር።

በቀኝ ወደሚነዳበት አውሮፓ ስንመለስ፣ ጀርመን ውስጥ አደባባይ ስትገቡ ፍሬቻ አይበራም፤ የሚበራው ስትወጡ ብቻ፣ የቀኙ ነው። ስትወጡ የምትገቡበትን መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ ካለ ቁሙለት። ሆላንድ ውስጥ ረድፎቹ በትንሽ ጠርዝ የተለያዩ አደባባዮች አሉ፤ ከገቡ በኋላ ረድፍ መቀየር አይቻልም፣ ስለዚህ ከርቀት ሰሌዳውን አንብቡ።

ይሉኝታ

ዙሪያው ውስጥ እያላችሁ ለሚጠብቀው ሰው “እለፍ” ብላችሁ አትቁሙ። እዚህ ጨዋነት ነው፤ እዚያ ከኋላችሁ ያለው ሾፌር ያልጠበቀው ፍሬን ነው። የመብራት ብልጭታንም አትመኑ። በእንግሊዝ ደንብ ብልጭታ “እዚህ አለሁ” ማለት ብቻ ነው፣ ብዙ ሰው ግን “እለፍ” ለማለት ይጠቀምበታል። የምትንቀሳቀሱት ክፍተቱን በዓይናችሁ አይታችሁ ይሁን።

ጭነት ለሚይዝ

ተሳቢ የሚነዳ ሰው አደባባይ ላይ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ጭነቱ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲወዛወዝ የሚገለብጠው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ፍጥነት ከ30 ወደ 40 ሲያድግ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ወደ 1.8 እጥፍ ይጨምራል። ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው ይብሳል፤ ፈሳሹ ይንቀሳቀሳልና። ከ25 ሳትበልጡ ግቡ፣ ማርሽ ከመግባታችሁ በፊት ይቀየር፣ የኋላ ጎማዎቹ የመሐሉን ጠርዝ ከቆረጡ ለረጅም ተሽከርካሪ በተሠራው ዝቅተኛ ንጣፍ ላይ ይሁን። የቤት መኪና የምትነዱ ደግሞ ከተሳቢ ጎን አትግቡ፤ ሁለት ረድፍ የሚይዘው ወዶ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን

ከአውሮፕላን ወርዳችሁ በቀጥታ አትንዱ። ጎን የሚያሳስተው የተጨናነቀ መንገድ አይደለም፤ እዚያ የፊተኛውን ትከተላላችሁ። የሚያሳስተው ባዶው ነው፤ ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ፣ ከመኪና ማቆሚያ ስትወጡ፣ ማለዳ ማንም የሌለበት አደባባይ ላይ ስትደርሱ። መሪው ፊት ለፊት ባለው መስታወት ሥር የፕላስተር ቁራጭ ለጥፉና በወፍራም ብዕር የዙሩን ቀስት ሳሉበት። ከቀስቱ ሥር መጀመሪያ የሚታየውን አቅጣጫ ጻፉ፤ ዱባይ ከሆነ “ግራ”፣ ናይሮቢ ከሆነ “ቀኝ”። ለአንድ ወር አታንሱት።