የክሊን ሩም ጨርቅ ስትገዙ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

ኮምቦልቻ ላይ ስፌት ለምደው ወደ ክሊን ሩም (ብናኝ እንዳይገባበት የሚጠበቅ የሥራ ክፍል) ልብስ የሚገቡ ልጆች እጃቸው ጎበዝ ነው። የሚበላሽባቸው ግን ገና መቀስ ሳይነሳ፣ ጨርቁ ሲገዛ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ «አንቲስታቲክ ነው»፣ ማለትም በፍትጊያ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያስወግዳል፣ ስለተባለ ብቻ ኬሚካል የተቀባ ፖሊስተር መግዛት ነው። ኬሚካሉ የሚሠራው ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው። ክረምት ላይ ሲለካ ያምራል፤ በጋ ገብቶ አየሩ ሲደርቅ ይከዳል፣ በየእጥበቱም ይለቃል። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ጣቃውን ነሐሴ ላይ ለክቶ ተረከበ። ታኅሣሥ ላይ ስሄድ ጋዋኑ የሠራተኛዋ ሱሪ ላይ ተለጥፏል፤ ስታላቅቀው ይንጣጣል። ሰው ንዝረቱ የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲደርስ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚበላሹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ግን አሉ፤ እናንተ ምንም ሳይሰማችሁ ዕቃው አልቋል ማለት ነው። እባካችሁ ናሙና ተቀበሉ፣ ደጋግማችሁ እጠቡት፣ ከዚያ በደረቅ አየር ለኩ። ዓለም አቀፉ ፍተሻ የሚካሄደው 12 በመቶ ገደማ እርጥበት ላይ ነው፤ የልብሱ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመከላከል መጠኑ) ከ100 ቢሊዮን ኦም በታች መሆን አለበት። ናሙና ለመስጠት የሚያንገራግር ነጋዴ ጋ ጊዜ አታጥፉ።

የምትፈልጉት ሲሸመን ጀምሮ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ የካርቦን ክር የገባበትን ነው። እዚህም ጥቁር መስመር ስላዩ ብቻ የሚረኩ አሉ። መስመሩ በድሩ ብቻ ከሆነ ቻርጁ (የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ) በርዝመቱ ይሄዳል እንጂ ወደ ጎን አይሻገርም። በድርም በማግም ገብቶ መረብ የሠራውን ምረጡ። ስፌቱ ላይ መስመሮቹ ካልተገናኙ እጅጌው ከደረቱ ይነጠላል፤ ስለዚህ የሬዚስታንስ መለኪያውን አንዱን ጫፍ እጅጌው ላይ፣ ሌላውን ደረቱ ላይ አድርጋችሁ ለኩ። ካርቦኑ በክሩ እምብርት ተሸፍኖ ከሆነ ግን ተራ የሬዚስታንስ መለኪያ ላያነበው ይችላል። ጥሩውን ጨርቅ በዚህ ምክንያት እንዳትጥሉት፣ የአምራቹን የፍተሻ ወረቀት ጠይቁ።

ጥጥን በተመለከተ፣ ወሎ ላይ ያደገ ሰው ጥጥ ቢያምን አልፈርድበትም። ለገላ ከጥጥ የሚሻል የለም። ነገር ግን ጥጥ ከአጫጭር ፋይበር የተፈተለ ስለሆነ ይበናል፣ ክሊን ሩም ደግሞ ብናኝ አይችልም። ፖሊስተርም ቢሆን ከተቆራረጠ ፋይበር የተፈተለ አለ። አብሽሩ፣ መለየቱ ቀላል ነው፦ ከጣቃው ጠርዝ አንድ ክር ምዘዙና በጣታችሁ ፍቱት። ጸጉራም ሆኖ ከተበጣጠሰ ተዉት፤ ለስላሳ ሆኖ ሳይቋረጥ ከረዘመ ውሰዱት። የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ በስፌት መታፈን አለበት።

ደሴ ላይ ብርዱ ሹራብ ያስደርባል። የሹራቡ እጅጌ ከጋዋኑ ውጭ እንዳይታይ የጋዋኑን ክንድ አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ የሹራቡን ቻርጅ የሚሸፍነው ጋዋኑ ነውና።

ልብሱን ስታጥቡ በረኪናም ማለስለሻም አታስነኩት።